የአሰፋች የበርበሬ መደብ

የበርበሬ ነጋዴ ቤት አንድ ደግ ነገር አለው፤ እንደ ልብ ይለቀስበታል። ማንም ቀርቦ "ምን ሆንሽ?" አይልም። ነቀምቴ ገበያው አጠገብ ያለው የአቶ ሀብተጊዮርጊስ ቤት ከጥቅምት እስከ መጋቢት መጋዘኑም በረንዳውም በጆንያ ስለሚሞላ፣ እንግዳው ገና ከበሩ ሳይገባ ያስነጥሰዋል፤ ጎረቤቱ ዓይኑን እየጠረገ ገብቶ ዓይኑን እየጠረገ ይወጣል። ብቸኛ ልጃቸው አሰፋችም እናቷ የሞተች ጊዜ ያለቀሰችው እዚያው ጆንያ መሀል ተወሽቃ ነው። አባቷ በበሩ ሲያልፉ ዓይኗ ቀልቶ ካዩ፣

"ምነው አሰፉ?" ይላሉ።

"በርበሬው ነው አባባ።"

"መስኮቱን ክፈቺዋ።"

ይህን ብለው ያልፋሉ። አምነዋት ይሁን አውቀው ይተዉት፣ ጠይቃቸው አታውቅም። እሳቸው ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በርበሬ ሲያስገለብጡና ሲያስመዝኑ ኖረው አንድ ቀን እንኳ ዓይናቸው ውሃ ሲያቀር ያየ ሰው የለም። "እኔና በርበሬ ተላምደናል" ይሉ ነበር።

በ1955 ዓ.ም. ግንቦት ወር ላይ ግን አሰፋች ማልቀሻ እንኳ አጣች። የመጨረሻው ጆንያ በመጋቢት በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ሄዷል፤ መጋዘኑ ታጥቦ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ትልቁ ሚዛን ብቻውን ተንጠልጥሏል። አሁን ብታለቅስ ምን ልትል ነው? ስለዚህ ጥርሷን ነክሳ በየማለዳው ጓሮ ትወጣለች፤ ከእናቷ አሮጌ የጎመን ቦታ ላይ ከቆፈረችው የችግኝ መደብ ፊት ቁጢጥ ትላለች፤ ሣሩን ገለጥ አድርጋ ታያለች። አፈር። ትናንትም አፈር፣ ዛሬም አፈር።

ከዚህ መደብ ያደረሳት ሰው ቀነዓ ይባላል።

መጀመሪያ ያየችው የዛሬ ዓመት ተኩል፣ በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ነበር። የአባቱን በርበሬ በሁለት አህያ ጭኖ ከጉቶ ጊዳ መጥቶ ሚዛኑ ፊት ተራ ይጠብቃል። ረዘም ያለ፣ ኮቱ ክርኑ ላይ የተጣፈ፣ ሲስቅ ዓይኑ ቀድሞ የሚስቅ ልጅ ነው። አሰፋች በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ ስታልፍ አያት።

"የበርበሬ ነጋዴ ልጅ በርበሬ ያስነጥሳታል እንዴ?" አላት።

"አንተን የማያስነጥስህ ገበሬ ስለሆንክ ነው" አለችው፣ ልታበሽቀው።

"ገበሬም ነኝ፣ አስተማሪም ነኝ። ሚሲዮን ትምህርት ቤት አስተምራለሁ።"

"አስተማሪ ከሆንክ ጠይቀኛ!"

"እሺ፤ የበርበሬ አበባ ምን ዓይነት ነው?"

አሰፋች አፏን ከፍታ ቀረች። በርበሬ ሲታጠብ፣ ሲቀነጠስ፣ ሲወቀጥ፣ ሲነፋ አይታለች። አበባ? በርበሬ አበባ አለው?

"ቀይ ነዋ!" አለች በድፍረት። ተራ የሚጠብቀው ገበሬ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሷ በእፍረት ቀላች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በቅጠል የተጠቀለለ ቅርንጫፍ ሲሰጣት ግን አልሳቀባትም። ትንሽ ነጭ አበባ ናት፤ አንገቷን ወደ መሬት ደፍታ ያበበች። ከዚያችው ቅርንጫፍ ላይ ያልቀላች አንዲት ቃሪያ ቀንጥሶ ግማሹን ለራሱ፣ ግማሹን ለእሷ አደረገ። አሰፋች ቀመሰችው። መጀመሪያ ምንም አልነበረም፤ ቀጥሎ ምላሷ ነደደ፣ ጆሮዋ ጋለ፣ ላብ ግንባሯ ላይ ችፍ አለ። "ሁለተኛ አጠገቤ እንዳትደርስ!" ብላው ሮጠች። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ምራቋን እየዋጠች ያንኑ ቃሪያ ስትመኝ ራሷን አገኘችው። የቃሪያው ምኞትና የልጁ ምኞት የት ላይ እንደሚለያዩ ለማወቅ ብዙ ሞከረች፤ ከገና በኋላ መሞከሩን ተወችው።

ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው፣ በጥቅምት፣ የቀነዓ አጎት ኦቦ ሞረዳ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ከግቢው መሀል ቆሙ። ሽማግሌ "ተቀመጡ" ካልተባለ አይቀመጥም፤ "ተቀመጡ" ከተባለ ደግሞ ነገሩ ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ቆመው አዳመጧቸው። ገበያ ውስጥ ኦሮምኛ እንደ ውሃ የሚፈስላቸው ሰውዬ ያን ቀን በአማርኛ ብቻ ተናገሩ። አያታቸው ከቡልጋ የመጡ፣ እሳቸውም የረቡዕና የዓርብን ጾም የማያፈርሱ ሰው ናቸው፤ ሙሽራው ደግሞ ጾም የማይጾም የሚሲዮን ልጅ ነው። ይህንን ፊት ለፊት ማለት ግን ደንበኞቻቸውን ማስቀየም ስለሚሆንባቸው በአፈር አመካኙ።

"ልጄ እጇ አፈር አያውቅም" አሉ። "የገበሬ ምራት መሆን አትችልም። አንድ መደብ በርበሬ በገዛ እጇ ከዘር አብቅላ ታሳየኝና፣ ያን ጊዜ 'ተቀመጡ' እላችኋለሁ።"

በቀልድ የሸኟቸው መስሏቸው ነበር። ኦቦ ሞረዳ ግን በትራቸውን መሬት ላይ ተከል አድርገው፣ "ቃል ነው ኦቦ ሀብቴ?" አሉ።

"ሚዛኔ ዋሽቶ ያውቃል?" አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ። "ቃል ነው።"

ሽማግሌዎቹ ቆመው እንደመጡ ቆመው ሄዱ። አሰፋች ያን ቀን ጆንያ መሀል ብዙ ቆየች፤ ወጥታ ግን መቆፈሪያ ፈለገች።

ችግሩ፣ የቢላ ትምህርት ቤት አስተማሪ አጥቶ ቀነዓ በጥር ወደዚያ ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ የሚገናኙት በደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን የሚያመላልሰው በቢላና በነቀምቴ መካከል በበቅሎ የሚነግደው ዋጋሪ ነበር፤ ልቡ ደግ፣ ምላሱ ረጅም ሰው። ለፋሲካ ሲመጣ ከደብዳቤው ጋር አንድ ጥቅልል ዘር አመጣ። አሰፋች ቤት አልነበረችም፤ የተቀበሉት አክስቷ ወይዘሮ ቀለሟ ናቸው። ማታ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሰጧት።

"ውድ አሰፋች፣ ነጋ ቡልቴ? ደህና አደርሽ?" ይላል ደብዳቤው። "ይህ ዘር አባቴ ከሁሉ ቀድሞ ከቀላው እግር ለይቶ ያስቀረው ነው። መደቡን ከፍ አድርገሽ ሥሪው፤ ውሃ የሚተኛበት ከሆነ ይበሰብሳል። አመድና ፍግ አደባልቂበት። ከጥፍርሽ የበለጠ አታጥልቂው። ሣር አልብሺውና ጠዋትና ማታ ውሃ እርጪበት፤ አታፍስሺበት። በአሥረኛው ወይ በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንገቱን እንደ ቀለበት አጥፎ ይወጣል። ያን ቀለበት ያየሽ ቀን ጻፊልኝ፤ ሌላውን ቀለበት እኔ አመጣለሁ።"

አሰፋች ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ዘሩን አሸተተችው። ደስ የሚል፣ ምራቅ የሚያስመጣ፣ የቤታቸው ሽታ ነበረው። ቀነዓን ያሸተተች መሰላትና ጥቅልሉን ጉንጯ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች።

በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ዘራችው። አሥረኛው ቀን ሳትተኛ ነጋ። አሥራ ሁለተኛው ቀን በጉልበቷ ተንበርክካ እያንዳንዷን የአፈር ጓል አየች። በአሥራ አምስተኛው ቀን ማለዳ አባቷ የመኝታ ቤታቸውን መስኮት ከፍተው፣

"አሰፉ፣ ተይው በቃ። ብርድ ይመታሻል" አሏት።

የቀለዱባት መሰላት። "አልተውም!" አለችና እፍኝ ሣር በውሃ እየነከረች መርጨቷን ቀጠለች። መስኮቱ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ንዴቱ ገደላት። በአፈሩ ተናደደች፤ በአመዱ ተናደደች። ሣሩን አበዛሁት ብላ አሳሳችው፤ አሳሳሁት ብላ መልሳ አበዛችው። ጎረቤት ያለችው ሴትዮ ያለ ምንም እንክብካቤ የጣለችው ጎመን ዘር አጥሩ ሥር እንደ ጉድ ሲፈላ፣ በእሷ መደብ ላይ አረም እንኳ የሚበቅለው እያመነታ ነበር። ወይዘሮ ቀለሟ በጓሮ በር ብቅ ይላሉ፤ የሆነ ነገር ሊሉ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ሳይሉ ይገባሉ። አሰፋች ልብ አላለችውም።

በሃያኛው ቀን ዋጋሪ መጣ። በቅሎውን እንኳ ሳያስር፣

"ቀነዓማ ተመችቶታል!" አላት። "ከክሊኒኳ ቁስል አጣቢ ድሬሰር ከደራርቱ ጋር ጓሮ ሲቆፍሩ ይውላሉ። ጠዋት እዚያ ነው፣ ከትምህርት ሲወጣ እዚያ ነው። ሲሳሳቁ ብታያቸው!"

አሰፋች ፊቷ ላይ ምንም አልታየም። ከውስጥ ግን አንድ ነገር ቋ ብሎ ተሰበረ። ከመደቡ ፊት ቁጢጥ ብላ አሰበችው፤ ሲገጣጠም ደግሞ መጥፎ ሆኖ ገጠመ። ለእሷ የማይበቅል ዘር ልኮ፣ እሱ ቢላ ላይ ከሌላ ሴት ጋር ያበቅላል። "አልቻልኩም" ብላ ራሷ እንድትተወው ነው። ከዚያ ማን ይወቅሰዋል?

ወረቀት አወጣች።

"አቶ ቀነዓ፣ የላኩት ዘር እንደ ቃልዎ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሁለቱም አልበቀሉም። መቆፈር እንደማያቅትዎ ሰምቻለሁና ከእንግዲህ እዚያው ይቆፍሩ። እኔ እጄን ታጥቤያለሁ።"

"አንተ" ስትለው የኖረችውን ልጅ "አቶ" እና "እርስዎ" ብላ መጻፏ ከስድብ ሁሉ የባሰ እንደሆነ ታውቃለች። አውቃ ነው የጻፈችው። ዋጋሪ ደብዳቤውን ይዞ ከመንገዱ ጠምዛዛ ላይ ሲሰወር ግን ሮጣ ልትቀማው ቃጣት። እጇን መታጠቧንም ዋሽታለች፤ በማግስቱ ማለዳ ሣሩን በውሃ እየነከረች ትረጭ ነበር።

በሃያ ስድስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የጓሮው የአጥር በር ተንኳኳ።

ቀነዓ ነበር። እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ኮቱ በዝናብ የተጣበቀ። ግማሹን መንገድ በእግሩ፣ ግማሹን በእንጨት ጫኝ መኪና ላይ ሆኖ መጥቷል። በሁለት እጁ እንደ ሕፃን ያቀፈው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አለ። አሰፋች ልቧ ዘለለ፤ ወዲያው በንዴት መልሳ አስቀመጠችው።

"ምን አመጣህ?" አለችው። "እርስዎ" ማለቱ አፏ ላይ አልመጣ አለ፤ ያም አናደዳት።

"ደብዳቤሽ አመጣኝ።"

"መልስ አልጠየቅኩም።"

"እኔም መልስ አልያዝኩም። ይኼን ነው የያዝኩት።" ቅጠሉን ገለጠው። ሃምሳ የሚሆኑ የበርበሬ ችግኞች፣ ሥራቸው በእርጥብ አፈር የተያዘ፣ እያንዳንዳቸው አራትና አምስት ቅጠል ያወጡ። አረንጓዴነታቸው ዓይን ይወጋ ነበር። አሰፋች ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ አፈር ላይ በምናቧ ስትሥለው የኖረችው ነገር በሌላ ሰው እጅ አድጎ መጣላት።

"ከደራርቱ ጋር ያበቀልከው ነው?" አለች።

"የማስተምርበት ቤት ጓሮ የለውም። ክሊኒኩ አለው። ደራርቱ ቦታ ሰጠችኝ፤ እጮኛዋም ውሃ ቀዳልኝ።" ጠበቅ አድርጎ አያት። "መጀመሪያ የሚዘራ ሰው ብዙ ጊዜ ይስታል አሰፋች። ያንቺ ከተበላሸ ብዬ ከአንቺ ቀደም ብዬ ዘራሁ። መደብሽ ላይ እንተክለዋለን፤ ማንም አያውቅም።"

እዚህ ላይ አሰፋች "እሰይ የኔ ጌታ" ብላ አንገቱ ላይ መጠምጠም ነበረባት። እጮኛ እንዳላት የተነገረላትን ደራርቱን ልትመርቅም ይገባት ነበር። እሷ ግን ከፊቱ ቀጥ ብላ ቆመች።

"እንደማልችል ገና ሳልጀምር ነው የቆረጥከው ማለት ነው?"

"አላልኩም!"

"ምን አልክ ታዲያ? አባቴ 'እጇ አፈር አያውቅም' አሉ፤ አንተ ደግሞ በስውር ተስማማህላቸው! ቃሉ ከዘር ነው። በተሰረቀ ችግኝ ላገባህ አልፈልግም!"

"እኔስ?" አለ ቀነዓ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ከፍ አለ። "እኔ የተናደድኩ አይመስልሽም? አንድ የበቅሎ ነጋዴ አንድ ቃል ሲልሽ 'አቶ ቀነዓ' ብለሽ ጻፍሽልኝ! ደብዳቤሽን ክፍል ውስጥ ነው ያነበብኩት። ተማሪዎቼ 'መምህር አመመዎት ወይ?' አሉኝ። ምን ልበላቸው? በርበሬ ገባብኝ ልበል? እንዳንቺ ቤት?"

አሰፋች የጆንያውን ምሥጢር ለዚህ ልጅ ብቻ ነግራው ነበር። እሱ ግን አሁንም ችግኙን እንደታቀፈ ነው፤ እየተቆጣ እንኳ እንዳይፈስበት ደረቱ ላይ አስጠግቶታል። ልትመታውም ልትስመውም ፈለገች፤ አንዱንም አላደረገችውም።

"ዘርህ አልበቀለማ" አለች፣ ቀስ ብላ። "ሁሉንም እንዳልከው አደረግኩ። አልበቀለም።"

"የተረፈሽ አለ?"

ከመቀነቷ ጫፍ የቋጠረችውን ወረቀት ፈታች። ከሽታው መለየት አቅቷት ያስቀረችው አንድ ቁንጥር ዘር ነበር። ቀነዓ መዳፉ ላይ አድርጎ አየው። ፊቱ ተለወጠ። አንዷን ፍሬ በፊት ጥርሱ ነከሳት፤ ቀጭ አለች።

"ሰኚን ኩን ዱኤራ" አለ፣ በገዛ ቋንቋው፣ ለራሱ እንደሚናገር። "ይኼ ዘር ሞቷል። እኔ የላክሁት ነጣ ያለ ነበር፤ ይኼ ቡላ ሆኗል። አሰፋች፣ ይኼ ታምሷል! እሳት ላይ ታምሷል!"

"ማን..." ብላ ሳትጨርሰው የጓሮ በሩ ላይ ወይዘሮ ቀለሟ ቆመው አየቻቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

"እቴቴ?"

"እርጥብ ነበር ልጄ" አሉ ወይዘሮ ቀለሟ። "ዋጋሪ ወንዝ ሲሻገር ነክሮት ነው ያመጣው። የዚህን ቤት ደንብ ታውቂዋለሽ፤ እርጥብ በርበሬ ከገባ በብረት ምጣድ ነው፤ ካልሆነ ሻጋታው መጋዘኑን ይፈጃል። ለወጥ የላከልሽ መስሎኝ አመስ አመስ አደረግሁልሽ። ለመዝራት መሆኑን ያወቅሁት መደቡ ላይ ስትበትኚው አይቼ ነው።"

አሰፋች ዓይኗን ጨፈነች። ያ የቤታቸው ሽታ! ከተወለደች ጀምሮ በርበሬ ሁሉ የሚሸታት እንዲያ ስለሆነ ነው ያልጠረጠረችው። የገበሬ ልጅ ብትሆን በአንድ ማሽተት ትጥለው ነበር።

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ሃያ ስድስት ቀን እቴቴ!"

"በሦስተኛው ቀን ለሀብቴ ነገርሁት እኮ! ወንድሜ ነው፤ የቤቱ ጌታ ነው፤ ምን ላድርግ? 'ዝም በይ' አለኝ።" አለቀሱ። "'ዝም በይ፣ ራሷ ትተወዋለች' አለኝ።"

ከዚያ በኋላ አሰፋች ግቢውን እንዴት እንዳቋረጠችው አታውቅም። ቀነዓ ችግኙን ይዞ ተከተላት።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ባዶው መጋዘን ውስጥ ነበሩ። በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሚዛኑን ሰንሰለት በቅባት ጨርቅ ይወለውላሉ። አሰፋች የታመሰውን ዘር ከነወረቀቱ የሚዛኑ ሳህን ላይ አስቀመጠችው።

"ይመዝኑልኝ አባባ።"

አዩት። ጨርቁ እጃቸው ላይ ቀረ።

"ይመዝኑልኛ! ሃያ ስድስት ቀን ነው። ስንት ይሆናል?" ድምጿ ባዶው ቤት ውስጥ ያስተጋባ ነበር። "ገበሬ ክብደት እንዲጨምርለት በርበሬውን ውሃ ረጭቶ ቢያመጣብዎ ከደጅ ይመልሱታል። ሽማግሌ ቢሆን፣ ከሩቅ የመጣ ቢሆን፣ በሰው ፊት 'ሚዛኔን አታሰድበኝ' ይሉታል። እኔ በዚህ ስኮራ ነው ያደግሁት። እኔንስ? የሞተ ዘር ላይ ውሃ ስረጭ በመስኮት ያዩኝ ነበር!"

"ተይው ብዬሽ ነበር" አሉ በዝቅተኛ ድምፅ።

"ተይው አሉኝ እንጂ ሞቷል አላሉኝም!"

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ወደ ሚዛኑ አዩ፤ ከዚያ ወደ እጃቸው። ሲናገሩ የነጋዴ ድምፅ አልነበራቸውም።

"ሽማግሌዎቹን በቀልድ ሸኘሁ ብዬ ነበር። አንቺ መቆፈሪያ አነሳሽ። እናትሽ ከሞተች ወዲህ በዚህ ቤት ከመጋዘኑ ሌላ የቀረሺኝ አንቺ ነሽ። እንዳይበቅል ፈልጌ አይደለም አሰፉ፤ እንዳይበቅልማ አልጸለይኩም። መብቀሉን ፈራሁ። ቀለሟ ታምሷል ስትለኝ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። በየማለዳው ግን ያን ሣር ስትገልጪ ሳይ..." ጨርሰው አልተናገሩትም። "አልተገላገልኩም።"

አሰፋች ልትጮህበት የመጣችው ሰው ጠንካራ ይሆንላታል ብላ ነበር፤ ሽማግሌ ሆኖ አገኘችው። ንዴቷ የሚያርፍበት ቦታ አጣ።

አባቷ ቀና ሲሉ ቀነዓን ደፉ ላይ አዩት፤ ጭቃው መጋዘኑን እንዳያበላሽ አልገባም።

"ታኢ" አሉት። ተቀመጥ ማለታቸው ነው። በዚህ ቤት ለኦቦ ሞረዳ የተነፈገው ቃል፣ በዚያ ቀን የተነፈገው ቋንቋ ነበር።

ቀነዓ አልተቀመጠም።

"አጎቴ ቆመው ነው የተመለሱት ኦቦ ሀብቴ" አለ። "እሳቸው ሳይቀመጡ እኔ አልቀመጥም።"

አሰፋች ልትጮህበት ምንም አልቀራት። ሰባት ወር ሙሉ አንዲት ቃል ስትጠብቅ ኖራ፣ ቃሏ ስትመጣ ይኼ ግትር አልቀበልም ይላል! ደግሞም በዓለም ላይ ከዚህ ግትር ሌላ ማንንም አትፈልግም ነበር።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ልጁን ትክ ብለው አዩት፤ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልክ ነህ። ሚዛኑን ያጎደልኩት እኔ ነኝ፤ የምሞላውም እኔ ነኝ። ሰኞ ይምጡ። ወንበሩን በእጄ አወጣላቸዋለሁ።" ትንሽ አሰቡና፣ "የጾሙ ነገር ግን ገና ነው" አሉ።

"ገና ነው" አለ ቀነዓም።

"እኔ ግን መደቤን አልተውም" አለች አሰፋች። "ሌላ ዘር ላክልኝ፤ ያልረጠበ። ያን ቀለበት ሳላይ አላርፍም።"

"ይኼስ ችግኝ?" አለ ቀነዓ ግራ ገብቶት። "ሊደርቅ ነው።"

"አባባ ይተክሉታል። ሠላሳ ዓመት ሸጡት፤ አንድ ቀን ደግሞ ይትከሉት።"

ቀነዓ ወደ ውስጥ ገባና የኮባ ጥቅልሉን በሁለት እጁ ሰጣቸው። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ቅጠሉን ገለጡ። አንዷን ችግኝ በሁለት ጣታቸው አነሷት፤ ጣት የማታህል፣ ሥሯ ፀጉር የመሰለ። ወደ ብርሃኑ ዘወር አድርገው አዩዋት።

"ይኼ ነው በርበሬ?" አሉ።

"እሱ ነው ኦቦ።"

"ሲያብብስ? አበባው ምን ዓይነት ነው?"

"ነጭ ነው አባባ" አለች አሰፋች። "አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያብበው።"

ችግኟን እንደያዙ ነበሩ፤ ትከሻቸው ግን ሲንቀሳቀስ አየች። ጠብታው ጉንጫቸው ላይ ወርዶ ሪዛቸው ውስጥ ገባ፤ ሌላው ተከተለው። የቅባቱን ጨርቅ አንስተው ዓይናቸውን ጠረጉ።

"በርበሬው ነው" አሉ።

አሰፋች ባዶውን መጋዘን አቋርጣ ሄደችና መስኮቱን ከፈተችላቸው።